አሮጌው አይሸጥም

የጠመንጃ ሐኪሙ ጌታሁን ሰኞ ተገድሎ ማክሰኞ ጧት ተገኘ። ሰኞ ካርቱም በሰላማዊ ሰልፍ የታመሰችበት ቀን ስለነበር፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ አንድ ጥይት ቢጮህ ዞሮ የሚያይ አልነበረም። ከጧት ጀምሮ ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭስ ሲንጣጣ ነው የዋለው።

እኔ አምኃ እባላለሁ። ድሮ ጎንደር ላይ የወንጀል መርማሪ ነበርኩ፤ ከተሰደድኩ ወዲህ ለካርቱም ፖሊስ በቀን ሒሳብ አስተረጉማለሁ። መርማሪ ሆኖ የኖረ ሰው አስተርጓሚ ሲሆን፣ ወጥ መሥራት እያወቀ የሌላ ሰው ሳህን የሚያቀብል ማለት ነው። ልማድ ሆኖብኝ አቀብላለሁ።

ነቂብ ጂብሪል የሚባለው የምርመራ መኮንን ደወለልኝ። «ያ አምኃ፣ ሐበሻ ሞቷል። ያላ፣ ና።»

የትኛው ሐበሻ እንደሆነ አልነገረኝም። ጌታሁን የሚሠራበት የአደን ዕቃ ሱቅ በር ላይ ስደርስ ግን ገባኝ። ጌታሁን በየሳምንቱ አብሬው የምበላ ሰው ነበር።

ከሥራ ጠረጴዛው ኋላ በጀርባው ወድቋል። ደረቱን በቅርብ ነው የተመታው። ወለሉ ላይ አንድ ባዶ ቀልሃ ተንከባሎ ቆሟል። የሱቁ ባለቤት ኒዕማ፣ ባሏ የሞተባት የሃምሳ ዓመት ሴት፣ በር ላይ ቆማ በለበሰችው ቶብ ጫፍ አፏን ይዛለች።

«የጠፋ ነገር አለ?» አላት ጂብሪል።

«አንድ ጠመንጃ። አሮጌው።»

ነገሩን አስረዳችን። ሱቁ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት የአደን ጠመንጃዎች ነበሩ። ምላጩ ሥር ያለውን የብረት እጀታ ወደታች ገፍተው ወደላይ ሲመልሱት የተተኮሰውን ቀልሃ ተፍቶ ሌላ ጥይት የሚጎርስ ዓይነት ነው። አንዱ ከነፋብሪካ ቅባቱ ገና ከሳጥን የወጣ አዲስ ነው። ሌላው ሟች ባሏ ከዓመታት በፊት ገዝቶ ዕቃ ቤት የቆለፈበት አሮጌ ነው። አሮጌውን ጌታሁን ፈትሾ እንዲሸጥላት የሰጠችው ባለፈው ሳምንት ነበር።

ጂብሪል ሳቀ። «ምን ዓይነት ሌባ ነው አዲሱን ትቶ አሮጌውን የሚወስድ? አዲስና አሮጌ የማይለይ ሰው ነው። ጠመንጃ የማያውቅ።»

እኔ ግን ቀልሃውን እያየሁ ነበር። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቀልሃውን በራሱ አይተፋም፤ እጀታውን ካልገፉት ባዶው እዚያው ውስጥ ይቀራል። ገዳዩ አንድ ሰው ጥሎ እንኳ እጁ በልማድ ሌላ ጥይት አጉርሷል። ጠመንጃ የማያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ቀጥሎ ዓይኔ ጥጉ ላይ አረፈ። አዲሱ ጠመንጃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አፈሙዙ መሬት፣ ሰደፉ ወደ ሰማይ።

«የአንተ ወዳጅ ዕቃ አያያዝ አያውቅም ነበር እንዴ?» አለ ጂብሪል አይቶት። «አፈሙዙ ይበላሽ የለም?»

ጌታሁን በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ቢያይ ልጅ የወደቀበት ሰው ያህል ይጮህ ነበር። እሱ አላቆመውም። በእኛ አገር ጠመንጃ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ወንድ ሲሞት ጠመንጃውን ዘቅዝቀው ይዘው አስከሬኑ ፊት ያስለቅሱበታል። እዚያ ጥግ ያለው ጠመንጃ የሚናገረው ነገር ለእኔ እንደ ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ገዳዩ የእኛ ሰው ነው፤ ከገደለው በኋላም አዝኖለታል።

«ምን አየህ?» አለኝ ጂብሪል።

«ምንም፣ ጀናቡ» አልኩት።

ለምን ዋሸሁ? እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ፖሊስ እጅ ከገባ በነጋታው ዴም ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ይታፈሳል። ወረቀት ያለው ከሌለው አይለይም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

*

«የሱቁ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው?»

«በሦስት» አለች ኒዕማ። «በእኔ፣ በጌታሁን፣ በምታጸዳው ዘመናይ።»

«ሰኞስ ማን ነበር?»

«ጌታሁንና ዘመናይ። እኔ መንገድ ስለተዘጋ አልመጣሁም።»

«አሮጌውን የፈለገ ገዢ ነበር?»

«ከገዳሪፍ አንዲት የእርሻ ባለቤት አለች፣ ሁስና የምትባል። ማሽላዋን ከርከሮ ፈጀባት። አዲሱን ልግዛ አሮጌውን እያለች በየቀኑ ጌታሁንን ትጨቀጭቀው ነበር። አሮጌውን ነበር አጥብቃ የፈለገችው። እምቢ ሲላት ስልክ ላይ ሰድባዋለች።»

ጂብሪል ሁስና የሚለውን ስም ጻፈ። የዘመናይን ስም ግን አስምሮበት ነበር።

*

ዘመናይን ሶባ ካለው ቤቷ ያመጧት ያኑ ዕለት ነው። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ብቻዋን ሴት ልጅ ታሳድጋለች። እዚያ ሱቅ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ወረቀቷ ላይ ዳሚን፣ ማለትም ዋስ፣ ተብዬ የፈረምኩትም እኔ። ገና ስታየኝ «ጋሼ አምኃ፣ እውነት ነው?» ብላ አለቀሰች።

ጂብሪል አንድ ሕግ አለው። «'እንዲህ አለች' አትበለኝ» ይላል ሁልጊዜ። «እሷ 'እኔ' ካለች አንተም 'እኔ' በል። ከሰደበችኝ ስደበኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀርብኝ።» በዚህ ሕግ ስንት ሌባና ስንት ሚስት ሆኛለሁ።

«ሰኞ ከሱቅ መቼ ወጣሽ?»

«የቀትሩ ዙህር ሲሰገድ። ጌታሁን ደህና ነበር፤ ሻይ አፍልቼለት ነው የወጣሁት።»

«ሶባ በምን ሄድሽ?»

«በእግሬ።»

«ጎረቤትሽ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓስር ሳይሰገድ ቤት እንደነበርሽ ነግራናለች። ከዐማራት ሶባ በእግር አራት ሰዓት ነው። ሰኞ ደግሞ ሃይስ ሚኒባስ የለም፣ ረክሻ የለም። መኪና ነው ያደረሰሽ። የማን መኪና ነው?»

«በእግሬ ነው ያልኩዎት።»

«ወላሂ ትዋሺያለሽ!» ጠረጴዛውን መታ። «ጠመንጃውንና አንቺን የወሰደ መኪና አለ። ስሙን ንገሪኝ።»

ዘመናይ ወለሉን እያየች ዝም አለች። እኔም የእሷን ዝምታ ተረጎምኩ። የሆነ ሰው እየሸፈነች እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እንደ ተራ ነገር ቆጠርኩት። ግማሻችን ያለ ፈቃድ ነው የምንነዳው፣ ግማሻችን ባለፈበት ወረቀት ነው የምንኖረው። አንዱ የሌላውን ስም ለፖሊስ አይጠራም። እንጀራችን የተጋገረው በዚህ ነው።

አሰሯት። ስትወጣ ጂብሪል ዞሮ «ንገራት» አለኝ፤ «በእኛ ሕግ ነፍስ በነፍስ ነው።»

እሱን እንኳ አለሳልሼ ነው የነገርኳት። አልሸሸግም፣ ያኔ ፈርቼ ነበር። ይቺ ሴት ብትሰቀል፣ ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ይዛ ነው የምትሰቀለው። ልጇስ ማን አላት?

*

የጌታሁንን ለቅሶ የተቀመጥነው ዴም፣ ሻምበል ፍሰሐ ቤት ነበር። ከፍሰሐ ሌላ ማን ያደርገዋል? አስከሬኑን ከሆስፒታል ያወጣ እሱ፣ ድንኳን የተከራየ እሱ፣ ከሁላችን በላይ ያለቀሰም እሱ። ድሮ የጦር መኮንን ነበር፤ ዛሬ አምጃድ የምንላትን ትንሽ ታክሲ ይነዳል። ለእኔ ደግሞ ወንድም ነው፤ በወንድሜ ቦታ የተተካ።

እዚህ ላይ የወንድሜን ነገር ልናገር። ታላቅ ወንድሜ አያሌው የአርማጭሆ ሰው ነበር። አባታችን ለአዳኝ ፈረንጅ መንገድ መርቶ የተሰጠውን ጠመንጃ ወርሶ፣ ሰው ሁሉ ክላሽ ሲያነግት እሱ ያን እጀታ ያለውን ያነግት ነበር። በ1998 ክረምት እኔ ቀድሜ ገዳሪፍ ገብቼ ጠበቅኋቸው፤ አያሌውና ፍሰሐ ተከትለውኝ ድንበር ሊሻገሩ ነበር። ፍሰሐ ብቻውን መጣ። ወታደሮች ተኮሱብን፣ አያሌውን ጓንግ ወንዝ ከነጠመንጃው ወሰደው አለኝ፤ እግሬ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቼ አስከሬንም ጠመንጃም ስለሌላቸው፣ ቤት የቀረውን ባዶ የጠመንጃ ማንገቻ አንጠልጥለው ነው ያለቀሱለት። ፍሰሐ ከገዳሪፍ ካርቱም ድረስ የደላላውን ከፍሎ አመጣኝ። ስታመም አስታመመኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ጧት ሳልደውልለት ውዬ አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰኞ እዚህ ብሆን ኖሮ!» አለ ጭንቅላቱን ይዞ። «ኦምዱርማን ገበያ ሄጄ ድልድዩን በኮንቴይነር ዘጉብኝ። እዚያው አድሬ ማክሰኞ ነው የተሻገርኩት። እኔ እዚያ ተዘግቼ እሱ እዚህ ይሙት?»

«ምን ታደርግለት ነበር?»

«አላውቅም። ዘመናይስ?»

«አለች። መኪና ያደረሳትን ሰው ስም እምቢ ብላለች።»

«ልጇን እኔ እወስዳታለሁ» አለ። «ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ አትስጋ። አንተ ግን የእኛን ሰው ላይ ጣት እንዳትቀስር። አረብ ገሏል፣ አረብ ይፈልገው።»

የተዘቀዘቀውን ጠመንጃ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሰው ገባና ተነሣ።

*

በስምንተኛው ቀን ጂብሪል የጌታሁንን ደብተር ሰጠኝ። ጌታሁን ለደንበኛ ምክር ሲሰጥ አስቀድሞ በአማርኛ የመጻፍ ልማድ ነበረው። «እያንዳንዱን ቃል አንብብልኝ» አለኝ። የመጨረሻው ገጽ ለሁስና የተዘጋጀ ነበር።

«አዲሱ፦ እጀታው ገና ግትር ነው፣ መቶ ጥይት ካልተኮሰ አይለሰልስም። እንጨቱ ለዓይን ነው የተሠራው። ዋጋው ይነዳል። ግን ነገር የለበትም፤ ያየኸው ያው ነው።

አሮጌው፦ እጀታው በቅቤ የታሸ ይመስላል። ዕድሜው ሲታይ የአፈሙዙ ውስጥ ንጹሕ ነው። ብረቱ የድሮ ብረት ነው። በአንድ ምት ከርከሮ ይጥላል። አሮጌ የሚገዛ ሰው ግን ብረቱን ብቻ አይገዛም፤ የነበረበትን እጅ አብሮ ይገዛል። ማን እንደያዘው ሳይጠይቁ መግዛት ነውር ነው።»

ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ ፈጠን ብሎ የተጻፈ አለ። «ሁስና አዲሱን ትግዛ። አሮጌው አይሸጥም፤ ባለቤት አለው።»

«ባለቤቱማ ኒዕማ ናት» አለ ጂብሪል ግራ ተጋብቶ።

«ኒዕማ ብትሆን ይሸጥ ነበር» አልኩት።

ደብተሩን ዘጋ። «ኸላስ። ሁስናን እናምጣት።»

ሁስና በማግሥቱ ከገዳሪፍ መጣች። ወፍራም፣ ድምፅዋ አዳራሽ የሚሞላ ሴት ናት። ሰኞ የእህቷን ልጅ ስትድር መዋሏን የሚያሳይ ፊልም ስልኳ ላይ ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እኛ ፊልሙን ስናይ እሷ ጂብሪልን ትሳደብ ነበር።

«ለአንድ ጠመንጃ ሰው የምገድል እመስላለሁ? አዲስ መግዛት አቅቶኝ ነው?»

«ታዲያ አሮጌውን ለምን ፈለግሽ?»

«አባቴ በአሮጌ ነው ያደነው። አዲስ ጠመንጃ አዲስ ምራት ነው፣ ጠባዩ እስኪታወቅ ሰብልህን ይበሉታል። አሮጌውን ሱቅ መጥቼ እጄ ላይ ይዤዋለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የቆየ ወዳጅ ነው። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠቅልሏል፣ ቢሆንም የጠበቀ ነው። ማን አሰረው ብለው ጌታሁን ፊቱ ተለወጠ። 'እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም' አለኝ። እብድ መሰለኝ። ሰውዬው ጠመንጃውን ካየው ገና ሦስት ቀኑ፣ ጠፍሩ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ደርቋል።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልተረጎምኩም። አልሰማኋትም። የአያሌው ጠመንጃ ከበቅሎ ላይ ወድቆ አንገቱ የተሰነጠቀ ጊዜ፣ ጎንደር ወስጄ ያሳሰርኩለት እኔ ነኝ። ያሰረው ጌታሁን ነው። እርጥብ የበሬ ጠፍር ሰባት ዙር ጠምጥሞ፣ ሲደርቅ ብረት ይሆናል ያለኝን አስታውሳለሁ።

ወንዝ የወሰደው ጠመንጃ ለአደን ዕቃ ነጋዴ አይሸጥም።

«አምኃ!» አለ ጂብሪል። «ምን ሆንክ?»

«ለኒዕማ ይደውሉላት። ባሏ ያን ጠመንጃ መቼ፣ የትና ከማን እንደገዛ ይጠይቁልኝ።»

ደወለላት። የባሏን የፈቃድ ወረቀት አንብባ ነገረችው፤ እ.ኤ.አ. 2006፣ ገዳሪፍ፣ ከአንድ ሐበሻ። ስም የለም።

ስም አላስፈለገኝም፤ ልቤ ያውቃል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይላሉ። እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስስቅ ኖሬአለሁ። ቢሆንም መርማሪ ነበርኩና አንድ ነገር ይቀረኝ ነበር። ሰኞ ፍሰሐ ከወንዙ ማዶ ነበር። ድልድዩ መዘጋቱን ደግሞ አገር ያውቃል።

*

ዘመናይን ብቻዋን እንዳነጋግር ጂብሪልን ለመንኩት። ዐሥር ደቂቃ ሰጠኝ።

ከስታለች። «ልጄን አይተሃታል?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ዘመናይ፣ ዛሬ ፖሊስ የለም። ሰኞ ማን ነው ያደረሰሽ?»

«ጋሼ አምኃ፣ አንተም? በእግሬ ነው አልኩ እኮ።»

«መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። ወረቀቱም አልፎበታል። ስሙን ብትጠሪ መኪናውን ይቀሙታል፣ እሱንም ወደ አገሩ ይጠርዙታል ብለሽ ፈርተሻል።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ደግ ነው የሠራልኝ። ክላክስ አድርጎ ጠራኝ። ዛሬ መኪና የለምና ቶሎ ውጪ፣ ላድርስሽ አለኝ። ሥራዬን እንኳ አልጨረስኩም ነበር፤ ጌታሁን ሂጂ ሂጂ አለኝ። ሶባ ድረስ ወስዶ አንድ ጊነህ አልተቀበለኝም። እንዴት አድርጌ ስሙን ለፖሊስ እሰጣለሁ?»

«ጌታሁንን ገብቶ ሰላም አለው?»

«አላለውም። እኔም ገርሞኛል።»

«ሻምበል ፍሰሐ ነው?»

በጣም ቀስ ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «እስር ቤት ሰው ልኮልኛል፤ 'ስሜን ባለመጥራትሽ እግዜር ይስጥልኝ' ብሎ። ልጄም እሱ ጋ ናት። ምን ሆነ? ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ሱቁ ሰው እንዳይኖረው አወጣት። ኦምዱርማን አልነበረም፤ ዙህር ላይ ዐማራት፣ ከዚያ ሶባ፣ ከዚያ ተመልሶ ዐማራት። የተዘጋውን ድልድይ ምስክር አደረገው። የቀረውን እኛ ሸፈንለት። እሷ መኪናውን ሸፈነች፣ እኔ ጠመንጃውን ሸፈንኩ። ልጇን እንኳ ይዞባት ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

ወጥቼ ለጂብሪል ስሙን ነገርኩት። በሕይወቴ አንድ ስም እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

*

ከትምህርት ቤት በር ላይ ያዙት፣ የዘመናይን ልጅ ገና እንዳወረዳት። ጠመንጃው አምጃዷ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ነበር፤ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሏል።

ፍሰሐ ከእኔ የተሻለ አረብኛ ይናገራል። ምርመራ ክፍል ሲገባ ግን «በአማርኛ ነው ቃሌን የምሰጠው» አለ። «አስተርጓሚ መብቴ ነው።»

ጂብሪል ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ ሰው ላስጠራ?»

«አይ» አልኩት። «እኔ አደርገዋለሁ።»

ፍሰሐ ተቀመጠ። እኔን ብቻ እያየ ጀመረ። እኔም በጂብሪል ሕግ ጀመርኩ።

«ጌታሁን ጠርቶ ጠመንጃውን አሳየኝ» አልኩ በአረብኛ። «ለአምኃ አንተው ራስህ ንገረው፣ እስከ ሰኞ ቀን ሰጥቼሃለሁ አለኝ። ሰኞ የሄድኩት ልለምነው ነው። ልወስደው ብዬ ብድግ ሳደርገው አፈሙዙን ያዘብኝ። ለፍተሻ ያጎረሰው ጥይት እንዳለበት አላወቅሁም። ልቀቅ አልኩት። 'የሰው ነው፣ አለቅም' አለኝ። ጠመንጃውን ሳብኩት፤ ጮኸ።»

ጂብሪል ይጽፋል። «የጠመንጃው ባለቤት እንዴት ሞተ?»

ፍሰሐ መለሰ። እኔ ግን ቶሎ አልተረጎምኩም። ጂብሪል ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀኝ።

«አያሌው እግሩን ነበር የተመታው» አልኩ። ድምፄን የሌላ ሰው ድምፅ አድርጌ ሰማሁት። «ወንዙን ተሻግረን ነበር። ልሸከመው አልቻልኩም። 'ጠመንጃዬን ተውልኝና ሂድ' አለኝ። ማታ ጅብ እንደሚመጣ ያውቃል። እኔ ግን ጠመንጃውን ከእጁ ወሰድኩበት። ባዶ እጄን ገዳሪፍ ብገባ እንደማልኖር ገምቼ ነው። ጥዬው ስሄድ በሕይወት ነበር። ስሜን ይጠራ ነበር። ጠመንጃውን ሸጥኩት፤ በዋጋው አምኃንና ራሴን ካርቱም አመጣሁ።»

እያንዳንዷን ቃል አልኳት። እኔ ወሰድኩበት አልኩ። እኔ ጥዬው ሄድኩ አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እኔን ያዳምጥ ነበር።

«ይህን ጠመንጃ ለምን አልጣልከውም?» አለ ጂብሪል።

«ሁለት ጊዜ ድልድዩ ላይ ቆሜያለሁ። ወንዝ ወሰደው ብዬ ዋሽቻለሁና፣ አሁን እውነት ላድርገው አልኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ጂብሪል ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ትዝ አለው። «አንድ ነገር ቀረኝ። አዲሱን ጠመንጃ ለምን ገልብጠህ አቆምከው?»

ፍሰሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ላይ ዓይኑን አነሣ። በአማርኛ አጭር ነገር ተናገረ፤ ከዚያ እንደገና ተመለከተኝ።

መልሱ በእጄ ነበር። ድንጋጤ ነው፣ አላስተዋልኩም ብዬ ብተረጉም ማንም አያውቅብኝም። ፍሰሐም አረብኛዬን እየሰማ ዝም ይለኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሊሸፍነኝ ዝግጁ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት። ጠላሁት። ከሠራው ሁሉ በላይ በዚያች ደቂቃ ጠላሁት።

«ለለቅሶ ነው የዘቀዘቅሁት» አልኩ በአረብኛ። «ወዳጄ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚደረገው። አስተርጓሚው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ቀን ጧት ሲያየው ያውቀዋል።»

ጂብሪል መጻፉን አቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«የመጀመሪያው ቀን» አለ።

«አዎ፣ ጀናቡ።»

«አንተ አውቀህ፣ ያቺ ሴት ዘጠኝ ቀን ታስራለች?»

«አዎ።»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ለፍሰሐ አስፈረመ፣ ከሥሩ አስተርጓሚ የሚለው ቦታ ላይ እኔን አስፈረመ፣ ብዕሩን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘመናይ ተፈትታ ልጇን አቅፋ ነበር። ከእኔ ቀድሞ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ጣቢያ ውስጥ ወሬ እግር አለው። ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼ አላለችኝም።

«አምኃ» አለችኝ፤ «እኔ እንኳ ደግ የሠራልኝ መስሎኝ ነው የሸፈንኩት። አንተ ግን የሸፈንከው ገዳይ መሆኑን እያወቅህ ነው።»

ልጇን እጇን ይዛ ወደ ሶባ ሃይስ መቆሚያ ሄደች። ልከተላት ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። በተከፈተው በር በኩል የወንድሜ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ይታየኝ ነበር፤ አንድ ወታደር ቁጥር ያለበት ወረቀት ጠፍሩ ላይ ያስርበታል። ሲጨርስ አንሥቶ ሰደፉን መሬት፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ግድግዳው ላይ አቆመው። ተነሥቼ ለአያሌው ልዘቅዝቀው ፈለግሁ፤ ግን ከዚያ በር የመግባት ፈቃድ አልነበረኝም።